ወደ ላይኛው ሆስፒታል

ነርስ በሥራዋ ላይ ስትስቅ ያየ ሰው ከሁለት አንዱን ያስባል። አንዱ «ልበ ደንዳና ናት» ይላል፤ ሌላው «ሥራው ቢቀላት ነው» ይላል። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከሁለተኛው ወገን ነበርኩ። ባለፈው የዕረፍት ጊዜዬ ግን ወደ ትውልድ ሀገሬ ወደ ይፋግ ሄጄ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሦስት ቀን ቡና ስጠጣ ከሰነበትኩ በኋላ ከሁለቱም ወገን ወጥቻለሁ። ምክንያቱንም ለአንባቢ ማስረዳት ይገባኛል።

ይፋግ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታን አልፎ፤ የርብን ወንዝ ተሻግሮ፤ አዲስ ዘመን ከተማ ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተንጣሎ ይታያል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ሩዝ ያበቅላል፤ ውኃው ጎድሎ በየጉድጓዱ ሲቀር ደግሞ ትንኝ ያፈላል። ሩዙን ነጋዴ ይቀበለዋል፤ ትንኟ የነደፈችውን ግን የምትቀበለው ነርስ ናት።

የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። በዕድሜ እጅግ ስለምትበልጠኝ እንደ ሀገራችን ልማድ «እታለም» እላታለሁ፤ በዚህ ጽሑፍም ስሟ ይኸው ነው። የምትሠራበትን ሆስፒታል ስም አልናገርም፤ እንዳልናገርም አስምላኛለች።

«ሥራሽ እንዴት ነው?» ብላት «ጓንት ጠይቀን ነበር» ብላ ጀመረችልኝ። ጥያቄው በሦስት ቅጅ ተጽፎ፤ በሦስት ሰው ተፈርሞ፤ ማኅተም ተመትቶበት ወደሚመለከተው ክፍል ተላከ። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ እሽግ መጣ። ነርሶቹ በደስታ ከበው ሲከፍቱት ከውስጡ የወጣው፤ ጓንት ማድረግ ለጤና ያለውን ጥቅም በሥዕል የሚያስረዳ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። «በጥሩ ቀለም የታተመ ነበር» አለች እታለም፤ «ግድግዳው ላይ ለጠፍነውና በባዶ እጃችን ሥራችንን ቀጠልን።»

እንደሚታወቀው በሀገራችን በሽተኛ ብቻውን አይተኛም፤ አስታማሚው ከአልጋው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። አንድ ሌሊት እታለም ለአርባ አልጋ ብቻዋን ተረኛ ሆና ሳለ መብራት ጠፋ። በባትሪ እየዞረች ሙቀት ስትለካ፤ ከድካሟ የተነሣ በእጇ የገባውን ብብት ሁሉ ትለካ ጀመር። አንዱ 39 ሆኖ ተገኘ። ቀና ብላ ብታየው የለካችው በሽተኛውን ሳይሆን አስታማሚውን ኖሯል። ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘበትና እሱም ተኛ። «በዚህ አገር ያለ ማመልከቻና ያለ ዘመድ የደረጃ ዕድገት ሲሰጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከአልጋ ሥር ወደ አልጋ ላይ!» ስትለኝ ቡናው ትን አለኝ።

ዳሩ ግን የነርስ ሥራ ሁሉ የሚያስቅ አይደለም፤ ይህንንም የይፋግ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሊቦ ከምከም ወረዳ በቡራና በይፋግ ሰው በማይለቅ ትኩሳት ይያዝ ጀመር። የበሽተኛው ሆድ በግራ በኩል ያብጣል፤ ሰውነቱ እየከሳ ይሄዳል፤ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አይድንም። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። በ1997 ዓ.ም. ምርመራ ሲደረግ ግን በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ስሙም በሕንድ ቋንቋ «ጥቁር ትኩሳት» ማለት ነው። የምታስተላልፈው ሳንድ ፍላይ የተባለች፤ ከወባ ትንኝ እንኳ የምታንስ በራሪ ነፍሳት ናት። ሳይታከም የቀረ ሰው ከሞት የሚያመልጠው ከስንት አንድ ነው። በሽታው እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው እንደ ሁመራና መተማ ባሉ ቆላዎች ስለነበረ፤ በደጋው አፋፍ ይገኛል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ አጥኚዎች ጽፈዋል። እንግዲህ ሰው እንጀራ ፍለጋ ሄዶ ይዞት የተመለሰው ይህ ሆነ ማለት ነው።

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን መጥቶ በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምናው ተጀመረ። የዚያን ጊዜው መድኃኒት ሶድየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባል፤ በየቀኑ ለ30 ቀን በጡንቻ የሚወጋ፤ ሕመሙም የሚያስጮኽ መርፌ ነው። እታለም ገና ከትምህርት ቤት የወጣችው በዚያ ሰሞን ነበርና እንዲህ ያሉትን በሽተኞች ለመውጋት ተመደበች። «ሃያ በሽተኛ ሲኖር በወር 600 መርፌ ነው» አለችኝ፤ «ትምህርት ቤት ሲስተር ብሎ አስመረቀኝ፤ በሽተኞቼ ግን ጊንጧ ብለው ስም አወጡልኝ።» አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሃያ ምናምነኛው ቀን «ልጄ፤ ከእንግዲህ ገበያ ቆሜ ነው የምውለው፤ ሰው ደግሞ ችኩል ሆነ ይለኛል» አሏት። ሽማግሌው ዳኑ። ሲሰናበቱም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «እጅሽ ይባረክ! ነገር ግን ከእኔ ይራቅ!» ብለው መርቀዋት ሄዱ። ኋላ ፓሮሞማይሲን ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ መሰጠት ስለ ጀመረ ሕክምናው ወደ 17 ቀን አጠረ፤ ጊንጧም በዚያው መጠን ዐረፈች።

ነርስነት በሀገራችን እንዲህ በቀልድ የሚታለፍ ታሪክ ያለው ሙያ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረዋል፤ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው በወሊድ ምክንያት ነቀምቴ ላይ ዐርፈዋል። በእኛው ክፍለ ሀገርም በጣና ዙሪያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፤ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አብሮ ማሠልጠን ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በነበረው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ሕዝቡ ነርስን የለመዳት እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አርእስቱ ልመለስ። እታለም በምትሠራበት ሆስፒታል አንድ በሽተኛ ሲሞት ነርሶቹ እርስ በርሳቸው «ሞተ» አይባባሉም። «ወደ ላይኛው ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈለት» ይባባላሉ። ጤና ጣቢያ ያልቻለውን ወደ ሆስፒታል፤ ሆስፒታልም ያልቻለውን ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይልካልና፤ ቀልዱ የመጣው ከዚያ ነው። አልጋ ሞልቷል፤ መድኃኒት አልቋል የማይባልበት ሆስፒታል እሱ ብቻ ነው ይላሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ የ19 ዓመት ልጅ ገባ። ዘግይቶ ስለ መጣ ሰውነቱ አልቆ ነበር። አባቱ ሦስት ሌሊት ከአልጋው ሥር ካደሩ በኋላ፤ በአራተኛው ቀን ማለዳ ዳቦ ሊገዙለት ወጡ። ልጁ በዚያ መካከል ዐረፈ። እታለም የሌሊት ተረኛ ነበረች። ሥራዋን ለባልደረባዋ ስታስረክብ «7 ቁጥርስ?» ብትላት «ወደ ላይኛው ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለታል» አለቻት። አባትየው ዳቦውን ይዘው ከበሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሏት፤ «ወደ ጎንደር ነው ወይስ ወደ ባሕር ዳር? መኪናው በስንት ሰዓት ይነሣል?»

እታለም ይህን ስትነግረኝ ስኒዋን ይዛ ዝም አለች። «ከዚያስ?» አልኋት።

«ከዚያማ እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኋቸውና ነገርኋቸው። ብዙ ቆይተው ተነሡ። ዳቦውን እጄ ላይ አኖሩና ‹አንቺም ስትባዝኚ ነው ያደርሽ፤ አንቺ ብዪው› አሉኝ።»

«በላሽው?»

«በላሁት። ርቦኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። ሌሎቹ ግን ይሉታል፤ እሷም አትከለክላቸውም። ለምን ብላት «ጓንት ላልሰጠኋቸው ሰዎች ሳቁን ልውሰድባቸው?» አለችኝ። እኔም ይህን ቃል ካሰብኩበት በኋላ የነርስን ሳቅ ከልበ ደንዳናነት መቁጠር ተውኩ። በአንድ ሌሊት ሦስት ሰው ገንዛ፤ በማግስቱ የአራተኛውን ሙቀት የምትለካ ሴት ካልሳቀች ልትሠራ አትችልም። ዳሩ ግን ሳቁ ከበሩ ላይ የቆመውን አባት እንዳይነካ መጠንቀቅ አለባት፤ ለመጠንቀቅ ደግሞ መተኛት ያስፈልጋታል። ለአርባ አልጋ አንድ ነርስ ማቆም ማለት እንግዲህ ሥራን ማብዛት ብቻ አይደለም፤ ደግ ሰውን ክፉ ቃል ማናገር ነው።

በግንቦት 2011 ዓ.ም.፤ ዳግመኛም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። በዚያ ጊዜ «ሐኪምና ነርስ እንዴት ሥራ ያቆማል?» ብለን የተቆጣን ብዙዎች ነን። «ነርስ እስከዛሬ እንዴት ሳታቆም ኖረች?» ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

ልለያት ስል እታለም ከኪሷ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ነው፤ ቀኑ ብቻ አልተሞላም። ብገለብጠው ጀርባው ከላይ እስከ ታች በቁጥር ተሞልቷል። 7 ቁጥር 38.5፤ 12 ቁጥር 39፤ 15 ቁጥር ወርዶለታል። ወረቀት ሲያልቅባት የበሽተኞቿን ሙቀት የምትጽፈው በእሱ ላይ ኖሯል። «አሁንማ እንዴት አስገባዋለሁ፤ ይፈለጋል» ብላ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ነገ ከነገ ወዲያ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠን ማኅተም የምንመታው እኛ ነን። በሦስት ቅጅ የተጻፈ የጓንት ጥያቄ ከፊታችን በቀረበ ጊዜ፤ የዚያን ዳቦ የያዘ አባት እናስታውስ። ጥያቄውንም በዚያው ቀን ፈርመን እንስደደው፤ ስንሰድም ሥዕሉን ትተን ጓንቱን እንስደድ።