የድረ ገጽ ስም ሲቀየር የድሮው ሊንክ ወዴት ይሄዳል? ከመቱ እስከ በደሌ ድረ ገጽ ላላችሁ ሁሉ

የኢሉባቦር ትልልቅ ሰዎች ያስታውሱታል። የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ድሮ ጎሬ ነበር፤ ኋላ ወደ መቱ ተዛወረ። ወሬውን ሳይሰማ ጉዳዩን ይዞ ጎሬ የወጣ ሰው ቢኖር ያን ያህል አይቸገርም። መንገድ ላይ ያገኘው የመጀመሪያው ሰው «ቢሮው እኮ መቱ ወርዷል» ይለዋል፣ አለቀ።

ኢንተርኔት ላይ ግን እንዲህ የሚል መንገደኛ የለም። ድረ ገጻችሁ አድራሻ ሲቀይር የድሮውን ሊንክ የነካ ሰው «404» የሚል ገጽ ያገኛል። አንዳንዴ ከዚያም የባሰ ነገር ያገኛል፦ በእናንተ ስም የተከፈተ የሌላ ሰው ገጽ። «ወደ መቱ ወርዷል» የሚለውን ሥራ የሚሠራው ሪዳይሬክት የሚባለው ትእዛዝ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ናት። አለመጻፏ ግን ደንበኛ ያሳጣል፣ ተማሪን ለአጭበርባሪ ያጋልጣል። ነገሩን ከስሩ እንየው።

አድራሻ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው

የመቱ ዩኒቨርሲቲን አድራሻ እንውሰድ፦ ኤም-ኢ-ዩ ነጥብ ኢ-ዲ-ዩ ነጥብ ኢ-ቲ። የመጨረሻው «ኢ-ቲ» ኢትዮጵያ ማለት ነው። ይህ የአገራችን መለያ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ አለ፤ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። «ኢ-ዲ-ዩ» የትምህርት ተቋም መሆኑን ይናገራል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን «ጎቭ» ይሆን ነበር። «ኤም-ኢ-ዩ» ደግሞ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ዶሜይን ይባላል። ከዶሜይኑ በኋላ ከመጀመሪያው እዝባር ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ መንገድ ነው። ዶሜይኑ ግቢው፣ መንገዱ ግቢው ውስጥ ያለው ክፍል ነው በሉት።

ይህን ማወቅ ለባለሙያ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ስንት ዓይነት ሊንክ በቴሌግራም እንደሚዞር ታውቃላችሁ። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዶሜይን ኢ-ኤ-ኢ-ኤስ ነጥብ ኢ-ቲ ነው። የአገልግሎቱ ስም በግራ በኩል ተጽፎ፣ ከመጀመሪያው እዝባር በፊት ያለው መጨረሻ ግን ሌላ ስም ከሆነ ሊንኩ የእነሱ አይደለም። በግራ በኩል ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል፤ የግቢው ባለቤት የሚታወቀው በቀኙ ነው።

መቱ በአንድ «ቲ» ነው በሁለት?

የከተማችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥ አይደለም። አንዱ በአንድ «ቲ»፣ ሌላው በሁለት «ቲ» ይጽፈዋል። በቁቤ ሲሆን ደግሞ አናባቢዎቹም ይለያሉ። ዩኒቨርሲቲው ሦስት ፊደል ብቻ መያዙ ከዚህ ጣጣ ገላግሎታል። በዚያ ላይ በአንድ «ቲ» ከጻፋችሁት ሌላ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አንካራ ያለው የመካከለኛው ምሥራቅ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ልክ «መቱ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በዚያ ዩኒቨርሲቲ በኩል ነበር፤ ስሙ መረቡ ላይ ከተተከለ ቆይቷል።

እናንተም መቱ ላይ ሆቴል፣ የቡና ማኅበር ወይም የማር ንግድ ኖሯችሁ የከተማውን ስም በዶሜይናችሁ ውስጥ ካስገባችሁ፣ ደንበኛ በሌላ አጻጻፍ እንደሚፈልጋችሁ ቁጠሩት። አቅም ከፈቀደ ሁለቱንም አጻጻፍ ግዙና አንዱን ዋና አድርጉ፤ ሌላው ወደ ዋናው ይመልስ። ሁለቱም ዶሜይን ያንኑ ገጽ ለየብቻ እንዲያሳዩ ግን አትተዉ። ጉግል አንድ ገጽ ሁለት አድራሻ ላይ ሲያገኝ የትኛውን እንደሚያሳይ የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ምርጫው ከእናንተ ፍላጎት ጋር ላይገጥም ይችላል። በሦስት «ደብሊው» የሚጀምረውና ያለ እሱ የሚጻፈው አድራሻም እንደ ሁለት ይቆጠራል። ኤችቲቲፒ እና ኤችቲቲፒኤስ የሚባሉትም እንዲሁ። አንዱን ምረጡ፣ የቀሩት ሁሉ ወደዚያ ይምጡ።

301 እና 302፦ «ተዛውረናል» እና «ለጊዜው»

አንድ ቢሮ ሲለቅ በሩ ላይ ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ሊለጠፍ ይችላል። አንደኛው «ከዚህ ለቀናል፣ አዲሱ አድራሻችን ይህ ነው» የሚል። ሁለተኛው «በእድሳት ምክንያት ለጊዜው እዚያ ማዶ እናስተናግዳለን» የሚል። ሰርቨርም እነዚህን ሁለቱን በቁጥር ነው የሚናገረው።

301 ማለት ለዘለቄታው ተዛውሯል ማለት ነው። ጉግል ይህን ሲያይ ለድሮው ሊንክ የሰጠውን ቦታ ቀስ በቀስ ለአዲሱ ያስተላልፋል። 302 ደግሞ ለጊዜው ነው፤ የድሮው አድራሻ በመዝገብ ይቆያል። 307 እና 308 የሚባሉም አሉ፤ አንደኛው የጊዜያዊ፣ ሌላኛው የዘለቄታ ሆነው ሰው ሞልቶ የላከው ፎርም መንገድ ላይ እንዳይለወጥ ይጠብቃሉ። ገጹን ሆን ብላችሁ ካጠፋችሁትና ምትክ ከሌለው ደግሞ 410 አለ፤ «የለም፣ አትፈልጉት» ማለት ነው።

ጥንቃቄ፦ 301ን ብራውዘር በቃሉ ይይዘዋል። ተሳስታችሁ ከጻፋችሁት እናንተ ብታስተካክሉትም የጎብኚው ስልክ ወደ ስህተቱ መሄዱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በ302 ሞክሩ፤ በትክክል መሥራቱን ስታዩ 301 አድርጉት።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ርካሽ ሆስቲንግ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ አፓቼ ነው፣ ወይም እንደ አፓቼ የሚሠራ። በሲፓነል ገብታችሁ የድረ ገጹን ዋና ፎልደር ስትከፍቱ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ኤችቲአክሰስ የሚባል ፋይል አለ። ካልታያችሁ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አብሩ። ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ፤ አንድ ፊደል ብትሳሳቱ ድረ ገጹ በሙሉ 500 ብሎ ሊቆም ይችላል።

አንድን ገጽ ለማዛወር የሚጻፈው መስመር አራት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ይኖራል። «ሪዳይሬክት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ 301፣ ከዚያ የድሮው መንገድ ከእዝባሩ ጀምሮ፣ ከዚያ አዲሱ ሙሉ አድራሻ። በቃ።

ሰባት መቶ ገጽ ካላችሁ ግን ሰባት መቶ መስመር መጻፍ የለባችሁም። ሪራይት የሚባለው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። በአፓቼ ላይ ሞድ ሪራይት የሚባለው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው። እሱ የሚሠራው በቅርጽ ነው፦ «ከድሮው ዶሜይን የመጣ ማንኛውም ጥያቄ፣ መንገዱ እንዳለ ሆኖ፣ ወደ አዲሱ ይሂድ» ትሉታላችሁ። ኢንጂንኤክስ በሚባለው ሰርቨር ደግሞ ይኸው ነገር በዋናው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ኤችቲአክሰስን አያነብም።

ሦስት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንደኛ፣ የድሮዎቹን ገጾች በሙሉ ወደ አዲሱ መነሻ ገጽ መላክ። ሰውየው የቡና ዋጋ ሊያይ መጥቶ «እንኳን ደህና መጡ» ሲባል ተመልሶ ይወጣል፤ ጉግልም እንዲህ ያለውን እንደ 404 ነው የሚቆጥረው። ሁለተኛ፣ ሰንሰለት፦ ሀ ወደ ለ፣ ለ ወደ ሐ፣ ሐ ወደ መ። የጉግል መረጃ ሰብሳቢ እስከ 10 እርምጃ ድረስ ብቻ ነው የሚከተለው፤ ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ላይ ይሰለቻል። ሁሉንም በቀጥታ ወደ መጨረሻው ላኩ። ሦስተኛ፣ ክብ፦ ሀ ወደ ለ፣ ለ ተመልሶ ወደ ሀ። ብራውዘሩ ጥቂት ዞሮ ያቆማል፣ ገጹም አይከፈትም።

መሥሪያ ቤት ስም ሲቀይር

እኛ አገር መሥሪያ ቤት ቶሎ ቶሎ ስም ይቀይራል። በአዋጅ ቁጥር 1097/2011 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን የገቢዎች ሚኒስቴር ሆነ፤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ከኮሙኒኬሽን ጋር ተጣምሮ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ተባለ። በዚያው ጊዜ የተቋቋመው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሦስት ዓመት ሳይሞላው በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሱ። የፈተናዎች ኤጀንሲም ስሙ ወደ አገልግሎት ሲቀየር ዶሜይኑ አብሮ ተቀየረ።

ስም በተቀየረ ቁጥር ምህጻረ ቃሉ ይቀየራል፣ ዶሜይኑም ይከተላል። የድሮው አድራሻ ግን በየመመሪያው፣ በየጥናት ጽሑፉ፣ በየዜናው ታትሞ ይቀራል። ወረቀት ላይ የታተመ ሊንክ አይታረምም። የድረ ገጽን ሐሳብ የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ አድራሻ መቀየር እንደሌለበት እ.ኤ.አ. በ1998 ጽፎ ነበር። መቀየር ግድ ከሆነ ደግሞ ጉግል የሚመክረው ሪዳይሬክቱን ቢያንስ አንድ ዓመት ማቆየት ነው። ለመንግሥት ሰነድ አንድ ዓመት ምንም ማለት አይደለም፤ የ2005 መመሪያ ዛሬም ይጠቀሳል።

የአማርኛ ሊንክ ለምን ይረዝማል?

የአማርኛ ዜና ሊንክ ኮፒ ስታደርጉ በ«ፐርሰንት» ምልክትና በቁጥር የታጨቀ ረጅም ነገር መጥቶባችሁ ያውቃል? ምክንያቱ ይህ ነው፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በሊንክ ላይ በ3 ምልክት ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ምልክት ሆነ። «መቱ» ሁለት ፊደል ናት፤ በሊንክ ላይ 18 ትሆናለች። በቁቤ የሚጻፈው የአፋን ኦሮሞ ርዕስ ይህ ችግር የለበትም።

ዎርድፕረስ ለርዕስ ሊንክ የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። ለአማርኛ 22 ፊደል ገደማ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ይቆረጣል። መፍትሔው ዜናው ከመለጠፉ በፊት የሊንኩን ቃል ራሳችሁ በአጭር የላቲን ፊደል መጻፍ ነው። ከተለጠፈና ሼር ከተደረገ በኋላ ከቀየራችሁት ግን የድሮውን በ301 አስከትሉ።

«ታዲያ በማሳጠሪያ ሊንክ አልጠቀምም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ማሳጠሪያም ሪዳይሬክት ነው፣ ልዩነቱ በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ መሆኑ ነው። ጉግል የራሱን ማሳጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዲስ ሊንክ ዘጋው፤ በኋላም የድሮዎቹ ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደማይሠሩ አሳወቀ። ቀኑ ሲቃረብ አሁንም ሰው የሚጠቀምባቸውን አስቀራለሁ አለ እንጂ የተቀሩት ፋይዳ አልነበራቸውም። ባነር ላይ የምታሳትሙት አድራሻ የራሳችሁ ይሁን።

ዶሜይን ካልታደሰ

ዋናው ነገር ይህ ነው። ብዙ ሰው አዲስ ዶሜይን ሲገዛ ለድሮው መክፈል ያቆማል። ዶሜይን ግን ኪራይ ነው፤ ካልታደሰ ይለቀቃል፣ ሌላ ሰው ይወስደዋል። ወሳጁ ስማችሁን፣ ወደ እናንተ የሚያመለክቱትን ሊንኮች በሙሉ፣ የጎብኚዎቻችሁንም እምነት ይወስዳል። ቁማር ሊያስተዋውቅበት ይችላል፤ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ለጥፎ «የቡና ቅድመ ክፍያ እዚህ አስገቡ» ሊልበትም ይችላል።

ከዚህም የባሰ አለ። ሪዳይሬክት የሚያዛውረው ድረ ገጽን ብቻ ነው፣ ኢሜይልን አያዛውርም። በድሮው ዶሜይን የተከፈተ ኢሜይል ካላችሁና ዶሜይኑን ሌላ ሰው ከያዘው፣ የሚላክላችሁን ደብዳቤ የሚቀበለው እሱ ይሆናል። የፌስቡክ ገጻችሁ የይለፍ ቃል መቀየሪያም በዚያ ኢሜይል ከሆነ የሚመጣው፣ ገጹም ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ አድራሻ ልትቀይሩ ስትነሱ፦

1. ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ አረጋግጡ። ድረ ገጹን በሠራላችሁ ልጅ ስም ከሆነ ከመጣላታችሁ በፊት ወደ ራሳችሁ አዛውሩት።

2. የድሮ ገጾቻችሁን ዝርዝር አውጡ፤ ከእያንዳንዱ ትይዩ አዲሱን ጻፉ።

3. በ302 ሞክሩ፣ ከዚያ 301 አድርጉ። በስልክም በኮምፒውተርም አረጋግጡ።

4. ለድሮው ዶሜይንም የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት ይኑረው። ከሌለው ጎብኚው ሪዳይሬክቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ብራውዘሩ ያስፈራራዋል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው በነፃ ይሰጣል።

5. በድሮው ኢሜይል የተከፈቱ አካውንቶችን በሙሉ ወደ አዲሱ ቀይሩ።

6. የድሮውን ዶሜይን በየዓመቱ አድሱ። ስማችሁ በታተመበት ሁሉ እሱ አለና፣ ድርጅቱ እስካለ ድረስ ይኑር።