መስታወቱን ያስቆመው ስፒከር

አዲስ ስፒከር የተገጠመለት መኪና ከጋራዥ ይወጣል። ድምፁ ያምራል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት መስታወቱን ሊያወርድ ቁልፉን ይጫናል። መስታወቱ ግማሽ ድረስ ወርዶ "ቋ!" ይልና ይቆማል። በሩ ውስጥ ከስፒከሩ ማግኔት ጋር ተጋጭቷል። አንዳንዱ ገጣሚ "እስከ ታች አታውርደው" ብሎ ይሸኛል፤ ለእሱ ይህም ጥገና ነው። መፍትሔው ግን በበሩ ላሜራና በስፒከሩ መሃል የሚገባ አንድ ወፍራም ቀለበት ነው። ስፔሰር ይሉታል።

ፋብሪካው ሲገጥመው ይህ ችግር ያልነበረው ለምንድን ነው? መንገዳችንን የሞሉትን ቶዮታዎች እንውሰድ። የብዙዎቹ የፋብሪካ ስፒከር ክፈፉ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ከላሜራው ወደ ተሳፋሪው በኩል ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ ስፒከሩ ከነስፔሰሩ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ማግኔቱም ትንሽ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ግን ለአንድ መኪና ተብሎ አልተሠራም። ጠርዙ ጠፍጣፋ፣ ማግኔቱ ትልቅ፣ ቁመቱም ረዘም ያለ ነው። የፋብሪካው ፕላስቲክ ሲነሣ ይዞት የሄደውን ርቀት ሌላ ነገር መተካት አለበት።

አሜሪካ ያለ ሰው ሜትራን የመሰሉ አምራቾች ለየሞዴሉ ያዘጋጁትን የፕላስቲክ ቀለበት አዝዞ ይገላገላል። የጃፓኑ ፓዮኒርም ኤምዲኤፍ ከሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ የተሠሩ አሉት። እዚህ እኛ ዘንድ ለሞዴሉ የሚሆነውን ሲፈልጉ ከመዋል ቆርጦ መሥራቱ ይፈጥናል። ቆረጣውን ማንም የሰፈር አናጢ ይወጣዋል፤ ሥራው ያለው ልኩ ላይ ነው።

ልኩ ሁለት ነው፤ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት። የኋላው የሚለካው መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ነው። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ መስታወቱ ተዘግቶ ሳለ በቀዳዳው ሲያዩት በሩ ባዶ ዋሻ ይመስላልና። ከላሜራው ገጽ እስከ ወረደው መስታወት ያለው ርቀት 50 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። የስፒከሩ ካርቶን ላይ የሚጻፈው የመግጠሚያ ጥልቀት ደግሞ፣ ማለትም ከጠርዙ ሥር እስከ ማግኔቱ ጀርባ ያለው፣ 62 ሚሊ ሜትር ይሁን። 12 ይጎድላል። መኪና ኮረኮንች ላይ ሲሄድ መስታወቱም ይወዛወዛልና 5 እንጨምርለት፤ 17 መጣ። ኤምዲኤፍ በ18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሸጣል፣ ልክ ይሆናል። መስታወቱን የሚያነሣና የሚያወርደው ብረትም በዚያው እንደሚያልፍ አይዘንጉ።

"ታዲያ ወፈር አድርጌ ብገላገልስ?" የሚል ይኖራል። አይሆንም፤ ከፊት የበሩ የውስጥ ልባስ አለ። የፊቱን ርቀት በማስመሪያ መለካት ስለሚያስቸግር ቀላሉ ዘዴ ከወጥ ቤት ጠንከር ያለ ሊጥ ማምጣት ነው። ድቡልቡሉን በላስቲክ ጠቅልለው ስፒከሩ ከሚቀመጥበት ቀዳዳ አጠገብ፣ ከልባሱ ወንፊት ትይዩ፣ ላሜራው ላይ ይለጥፉ፤ ልባሱን ወደ ቦታው ገፍተው ይመልሱና አውጥተው የሊጡን ውፍረት ይለኩ። 35 ሚሊ ሜትር ቢወጣ፣ ቀለበቱ 18 ይወስዳል፤ ከስፒከሩ ጠርዝ ወደ ፊት የሚወጣው አካል 8 ቢሆን 9 ይተርፋል። ስፒከር ቤዝ ሲመታ ወደ ፊት ይገፋልና ይህ ክፍተት ያስፈልገዋል። ከጠበበው ወንፊቱን እየመታ ይንጣጣል።

ከምን ይሠራ? ኤምዲኤፍ ለመቁረጥ ይመቻል፣ ክብደቱም ንዝረትን ያፍናል፤ ጠላቱ ውሃ ነው። ብዙ ሰው የመኪና በር ውስጡ ደረቅ ይመስለዋል። በክረምት ዝናብ በመስታወቱ ጎማ ሾልኮ ወደ በሩ ሆድ ይወርድና ከታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል፤ እንዲህ እንዲሆን ተብሎም የተሠራ ነው። ያልተቀባ ኤምዲኤፍ እዚያ ውስጥ እንደ ራሰ ዳቦ ያብጣል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ይቀባ፣ በተለይ የተቆረጠው ጠርዝ፤ ውሃ የሚጠጣው እሱ ነው። እኔ የምመርጠው ግን የወጥ ቤት መክተፊያ የሚሠራበትን ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ውሃ ምንም አያደርገውም። ኮላ አይዘውም እንጂ ሌላ እንከን የለውም፣ ኮላም አያስፈልገውም። በሥሪዲ ማተሚያ የሚያሠራ ሰው ፒኤልኤ የሚባለውን ፕላስቲክ ይራቅ፤ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ደግሞ ይግላል።

አሠራሩ አያስቸግርም። የፋብሪካው ስፒከር በሪቬት የተመታ ከሆነ የሪቬቱን ራስ በትራፓኖ በስቶ ማውጣት ነው፤ ብናኙን መጥረግ እንዳይረሳ፣ ብረቱ ማግኔት ላይ ይለጠፋልና። የበሩን ቀዳዳዎች በካርቶን ላይ ገልብጠው ያንን በጣውላው ላይ ያስምሩ። መጀመሪያ የውስጡን ክብ ይቁረጡ፣ ጣውላው ሰፊ ሳለ አጥብቆ ለመያዝ ይመቻልና። የውጭው ይከተላል። ለብሎኖቹ ቀድሞ በቀጭኑ መብሳት ግድ ነው፤ አለዚያ ቀለበቱ ይሰነጠቃል። ቀለበቱ ከበሩ ጋር የሚታሰርባቸውና ስፒከሩ ከቀለበቱ ጋር የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ይለያዩ። የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

አሁን ብዙ ገጣሚ የሚዘለው ነገር። ስፒከር ወደ ፊት አየር ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ይስባል። የፊቱና የኋላው አየር የሚገናኙበት ቀዳዳ ካለ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፣ የሚጠፋውም ቤዙ ነው። ሊሞክሩት ይችላሉ፦ ስፒከሩን በእጅ ይዘው ሙዚቃ ይልቀቁበት፣ ድምፁ እንደ ስልክ የቀጠነ ይሆናል። እዚያው እያለ በቀለበቱ ላይ አጥብቀው ይጫኑት፤ ቤዙ ከየት መጣ ያሰኛል። ስለዚህ በላሜራውና በቀለበቱ፣ በቀለበቱና በስፒከሩ መሃል ቀጭን ስፖንጅ ወይም ጎማ ዙሪያውን መግባት አለበት። ውድ ስፒከር ገዝቶ ይህን የተወ ሰው ገንዘቡን በቀዳዳው አፍስሶታል ባይ ነኝ። የአንዱን በር ፕላስና ማይነስ ማገላበጥም ቤዙን በዚያው መንገድ ያጠፋል፤ አንዱ በር ሲገፋ ሌላው ይስባልና።

ከልባሱ ጀርባ የተለጠፈው ላስቲክ ዝናቡን ከመቀመጫው በኩል የሚያግድ ስለሆነ ሲነሣ እንዳይቀደድ፣ ሲመለስም ዙሪያው ይጣበቅ። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች በሩ ውስጥ የጎን ግጭትን በአየር ግፊት ለውጥ የሚያውቅ የኤርባግ ሴንሰር ስላለ እሱንና ገመዱን መነካካት አይገባም።

ልባሱን በክሊፖቹ ከማሰርዎ በፊት መስታወቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያውርዱና ይመልሱ፣ አንዴም ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ በሩ በኃይል ተዘግቶ።