በሸማኔዎች አገር እንግሊዝኛ እንዴት ይማሩታል?

አንባቢ ሆይ፤ ከአርባ ምንጭ ተነሥተው ጠመዝማዛውን ዳገት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ቢወጡ፣ ሙቀቱንና ሁለቱን ሐይቆች ከበታችዎ ትተው ጉም ከማይለያት ከጨንቻ ከተማ ይደርሳሉ። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ነበረች። ስለ ጨንቻ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ብርዷ፣ ስለ ፖሟና ስለ ዶርዜ ሸማኔ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናጫውትዎ በዚያ ደጋ ላይ ያለ ሕፃን እንግሊዝኛን ስለሚማርበት መንገድና መምህሩ ምን ይዞ ከክፍል ሊገባ እንደሚችል ነው።

የጨንቻ ሕፃን ከእናቱ ጋር የሚነጋገረው በጋሞኛ ነው። አማርኛን ከገበያና ከራዲዮ ይሰማል። እንግሊዝኛን ግን ከመምህሩ አፍ በቀር ከማንም አይሰማም፤ ደጅ ወጥቶ የሚለማመድበት ሰው የለውም። በደቡቡ ክፍል ለብዙ ዓመታት በተሠራበት ደንብ ደግሞ ልጁ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከተማረ በኋላ፣ 5ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበት ነበር። ይህን ድልድይ መሻገር ያቃተው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ደብተሩን ይሰቅላል። ከዚያም ታላላቆቹ በሄዱበት መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይወርዳል። ሽመና የሚያስከብር ሙያ ነው፤ ግን ልጅ ወዶ ሲይዘውና ተገፍቶ ሲገባበት አንድ አይደለም።

ነገሩ የጨንቻ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ፈተናው ግን የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ መሆኑን መርሳት አይገባም።

እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ እንመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ተማሪ ቤት ሲከፍቱ የበላይነቱን ይዞ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቦታውን እንግሊዝኛ ወረሰው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማዎች በመምህርነት ተሰማሩ። በዚያው ሰሞን እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በአማርኛ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ሕፃናት በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አደባልቆ «ወጋጎዳ» በሚል ስም መጽሐፍ ታተመ። ሕዝቡ ግን «ይህ የማናችንም ቋንቋ አይደለም» ብሎ እንቢ አለ፤ በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ሕይወት እስከ መጥፋት ደረሰ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። ሩቅ ቢሮ ተቀምጦ ለልጅ መጽሐፍ መቁረጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ጋሞኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የጨንቻ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጀምር ፊደሉን ያውቀዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ግን ወጥመድም አለበት። በጋሞኛ አጻጻፍ «ኤክስ» የምንላት ፊደል የ«ጠ»ን ድምፅ ትሰጣለች፤ ፈጣሪን «ጦሲ» ብሎ የሚጽፈው በእርሷ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ የእንግሊዝኛውን «ቦክስ» አይቶ «ቦጥ» ብሎ ቢያነብ ምን ይደንቃል? ሁለት «ኦ» ተከታትለው ሲያይም በጋሞኛ ልማዱ ድምፁን አስረዝሞ «ቦኦክ» ይላል እንጂ «ቡክ» አይልም። ያነበበው በተማረው ሕግ ነውና አላጠፋም። መምህሩ እነዚህን አሳሳች ፊደሎች ለይቶ በአንድ ወረቀት ላይ ከነምሳሌያቸው ጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ፣ የአንድ ወር ቁጣ ይተርፈዋል።

ሁለተኛው ችግር የቃላት ሰልፍ ነው። በጋሞኛም በአማርኛም ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ልጁ ፖም በላ» እንላለን። እንግሊዙ ግን «ልጁ በላ ፖም» ይላል። ለዚህ የሚበጅ ጨዋታ እነሆ። ሦስት ልጆች ይነሡና እያንዳንዳቸው አንድ ቃል የተጻፈበት ካርድ ይያዙ። በመጀመሪያ በአገር ቤቱ ሰልፍ ይቆማሉ። መምህሩ ሲያጨበጭብ «በላ»ን የያዘው ልጅ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መካከል ይሮጣል፤ ክፍሉም ዐረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ይጮኸዋል። ግስ ሲሮጥ ያየ ልጅ ቦታውን አይረሳም።

ካርዱስ ከየት ይመጣል? ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይቆረጣል፤ በከሰል ይጻፋል። የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ተሰብስቦ በላዩ ፊደል ቢጻፍበት፣ 70 ልጅ ባለበት ክፍል ለየቡድኑ የሚበቃ የፊደል መጫወቻ ይሆናል። ፖምም በጨንቻ ሞልቷል። ግማሹ ክፍል ሻጭ፣ ግማሹ ገዢ ይሁን፤ ለሻጮቹ ዋጋ፣ ለገዢዎቹ የሚፈልጉት ብዛት በየካርዳቸው ይጻፍላቸው፤ አንዱ የሌላውን ካርድ ማየት አይፈቀድለትም። ሳይጠይቅ ዋጋውን ማወቅ ስለማይችል ልጁ ወዶም ሳይወድም በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። የዚህ ጨዋታ ምስጢሩ ሌላ ምንም አይደለም።

እንቆቅልሽንም አይናቁት። «እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ» ልጆቻችን የሚያውቁት ጨዋታ ነው፤ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ቢያዞሩት፣ ጠያቂው ስለ አንድ ዕቃ ሦስት ምልክት ይናገራል፤ የተሸነፈውም የአንድ አገር ስም በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ጂኦግራፊውም በምርቃት ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ደስ የሚያሰኘን ግን የሸማኔው ነገር ነው። አንድ የተማሪ አባት መወርወሪያውን፣ ቀሰሙንና ጥቂት ድር ይዞ ወደ ክፍል ይጋበዝ። ሥራውን በጋሞኛ እየተናገረ ያሳያል፤ ልጆቹ «በመጀመሪያ»፣ «ከዚያ»፣ «በመጨረሻ» የሚሉትን ቃላት እየተጠቀሙ በእንግሊዝኛ ይጽፉታል። እናት ደግሞ በሌላ ቀን እንዝርቷን ይዛ ትምጣ፤ በጋሞ አገር ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነውና። ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች የእንግሊዝኛ መምህር ረዳት ሆኑ ማለት ነው።

ከፍ ላሉት ክፍሎች ዱቡሻ አለላቸው። የጋሞ አባቶች በዱቡሻ ሲሸመግሉ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው፣ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የመለሱት እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው። ተማሪዎች ክብ ሠርተው ይቀመጡና የጎረቤት ፍየል ማሳ ስለገባበት ሰው በእንግሊዝኛ ይሟገቱ፤ ይፍረዱ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ የተሰናዳ ትምህርት በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች መጥቶ ነበር። አነጋገሩ ጥሩ፣ ሥዕሉም የሚያምር ሲሆን፣ ሩጫው ግን ለተማሪው ጊዜ አይሰጥም ነበር፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። የሲሚንቶ ወረቀት ካርድ መብራት አይፈልግም።

ይሁን እንጂ አንድ መምህር ብቻውን ሁሉን መሥራት አይችልም። በአገራችን ተማሪ ቤቶች አምስትም ስድስትም እየሆኑ በጉድኝት ማዕከል የተሳሰሩ ናቸው። እርስዎ መምህር ከሆኑ፣ የሠሩትን ጨዋታ ከነአሠራሩ በአንድ ገጽ ጽፈው ከካርዶቹ ጋር ወደ ማዕከሉ ይውሰዱ፤ የሌላውንም ይዘው ይመለሱ። በጀርባው ላይ የትኛው ክፍል እንደተጫወተው፣ ልጆቹ የት ላይ እንደተሰናከሉ ይጻፍበት፤ ቀጥሎ የሚወስደው መምህር ከዚያ ይነሣል። የጨንቻ ጉም ወረቀት ያበሰብሳልና ካርዶቹን በላስቲክ ጠቅልለው በቀርከሃ ቅርጫት ያኑሯቸው። ቅርጫቱን የሚሠራ ሰው ለማግኘት ከዶርዜ ገበያ ማለፍ አያስፈልግዎትም።