አቧራውን የተከተሉት ሐኪም

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1919 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አሊስ ሃሚልተንን በረዳት ፕሮፌሰርነት ቀጠረ። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር እሳቸው ናቸው። ሹመቱ ግን ክልከላ ነበረበት። ወደ መምህራን ክበብ እንዳይገቡ፣ በምረቃ በዓል ከመምህራኑ ጋር እንዳይሰለፉ፣ ለመምህራን የሚታደለውን የአሜሪካ እግር ኳስ ትኬት እንዳይጠይቁ ተነገራቸው። የሚያስተምሩበት የሕክምና ትምህርት ቤት ሴት ተማሪ መቀበል የጀመረው ከ26 ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ተቋም ለምን ፈለጋቸው? በአገሪቱ ስለ ሥራ ቦታ መመረዝ እሳቸውን የሚያህል አዋቂ ስላልነበረ ነው።

ሃሚልተን ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቁት በ1893 ነበር። ጥቂት ቆይተው ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ጀርመን ሲሄዱ ትምህርቱን እንዲከታተሉ የተፈቀደላቸው ከወንዶቹ ዓይን ተሰውረው እንዲቀመጡ ነው። በ1910 እንኳ ከአሜሪካ ሐኪሞች መካከል ሴቶቹ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በሺካጎ የስደተኞች ሰፈር፣ ሃል ሃውስ በተባለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት መኖር ሲጀምሩ ግን የትኛውም ትምህርት ቤት ያላሳያቸውን አዩ። ጎረቤቶቻቸው ጤነኛ ሆነው ፋብሪካ ይገባሉ፤ ሽባ ሆነው ይወጣሉ።

በ1910 የኢሊኖይ ግዛት ከሥራ የሚመጡ በሽታዎችን ሲያስጠና ሃሚልተን እርሳስ የተባለውን ብረት የማጥናቱን ድርሻ ያዙ። እርሳስ ያን ጊዜ በቀለም፣ በባትሪ፣ በመታጠቢያ ገንዳ ልባጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። ጥናቱ በግዛቲቱ ሠራተኛን ለእርሳስ የሚያጋልጡ ከ70 በላይ የሥራ ዓይነቶችን አገኘ። የፋብሪካ ባለቤቶች መልስ አንድ ነበር፦ ሠራተኛው የሚታመመው እጁን ሳይታጠብ ስለሚበላ ነው። ሃሚልተን ይህን አልተቀበሉም። የሆስፒታል መዛግብት አገላበጡ፣ ቄሶችንና መድኃኒት ሻጮችን ጠየቁ፣ ከታማሚዎቹ ሚስቶች ጋር በየቤታቸው ተቀምጠው ተነጋገሩ። ያገኙት ማስረጃ ከእጅ ይልቅ ወደ ሳንባ አመለከተ፤ ዋናው ገዳይ በትንፋሽ የሚገባው አቧራና ጭስ ነበር።

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። በትንፋሽ የገባ ደቃቅ የእርሳስ ብናኝ ከሳንባ በፍጥነት ወደ ደም ያልፋል። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም አይለየውም፤ ስለዚህ አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፣ ለዓመታትም እያነሰ እያነሰ ወደ ደም ይለቀዋል። ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል ሄሞግሎቢን እንዳይመረት ያግዳል፤ ሰውየው ይገረጣል። ድዱ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ መስመር ይወጣል፣ ሆዱን ክፉ ቁርጠት ይይዘዋል። ነርቮቹ ሲጎዱ መዳፉን ወደ ላይ ማቅናት ተስኖት እጁ ከአንጓው ይንጠለጠላል።

ኤድዋርድ ኮርኒሽ የተባለ የእርሳስ ኩባንያ ኃላፊ በፋብሪካው የተመረዘ ሰው የለም ብሎ ተቆጣ። ሃሚልተን 22 ታማሚዎችን ከነማስረጃቸው አቀረቡለት። ኮርኒሽ አቧራ መከላከያ አስገጠመ፣ ሠራተኞቹን የሚመረምር ሐኪምም ቀጠረ። በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች ሃሚልተንን እንዲያስገቡ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም፤ በራቸውን ያስከፈቱት በማስረጃና በትዕግሥት ነው። ሴትነታቸው እንደ ጠቀማቸውም ጽፈዋል፤ ከምርቱ ይልቅ ለሠራተኛው መጨነቅ ከሴት ሲመጣ ማንም እንግዳ አያደርገውም ነበርና። እኔ ግን ይህን ሳነብ ይቆጨኛል። ለሠራተኛ ሕይወት መጨነቅ የሴት ድርሻ ብቻ የሆነበት ሙያ ምን ያህል ሰው እንደ ገደለ ማሰብ ነው።

በ1925 እርሳስ ወደ ቤንዚን መጨመሩን አጥብቀው ተቃወሙ። አልተሰሙም። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን የተዉት በ2006 ነው፤ ዓለም በሙሉ በ2021። ሃሚልተን በ1935 ጡረታ ሲወጡ ማዕረጋቸው ያው ረዳት ፕሮፌሰር ነበር። ያረፉት በ1970፣ በ101 ዓመታቸው ነው።

ሃሚልተን የተከተሉት አቧራ ዛሬም አለ። አሮጌ የመኪና ባትሪ የምትፈቱ፣ እርሳስ የምታቀልጡ ወይም የቆየ ቀለም የምትፍቁ ወገኖች፣ አፍና አፍንጫችሁን ብናኝ በሚያግድ ጭምብል ሸፍኑ፣ የሥራ ልብሳችሁንም ለብሳችሁ ወደ ልጆቻችሁ አትግቡ።