ግብር ከተቀነሰበት የቁጠባ ወለድ ጠቅላላውን ወለድ ማስላት

በብሪታንያ እየኖሩ በአገር ቤት ባንኮች ገንዘብ የሚቆጥቡ ኢትዮጵያውያን ለአገሪቱ የግብር ባለሥልጣን ዓመታዊ የገቢ ማስታወቂያ በሚሞሉበት ጊዜ ከኢትዮጵያ ያገኙትን ወለድ ማሳወቅ እንደ አጠቃላይ ደንብ ይጠበቅባቸዋል። በቅጹ ላይ እንዲሰፍር የሚፈለገው በባንክ ደብተሩ የሚነበበው የተጣራ ወለድ ሳይሆን ግብር ከመቀነሱ በፊት የነበረው ጠቅላላ ወለድ ነው። የተቀነሰው ግብር በሌላ ዓምድ ለብቻው ይመዘገባል።

በአገር ቤት ለሚኖር ቆጣቢ ይህ ስሌት እምብዛም አያስፈልገውም። በ2008 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ባንኮች ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ቀንሰው ለመንግሥት ገቢ እንዲያደርጉ የደነገገ ሲሆን፣ ግብሩም የመጨረሻ ተደርጎ የሚወሰድ ነው። በመሆኑም ቆጣቢው ጉዳዩን ሳያስበው ያልቃል።

ለማሳያ ያህል 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ወለድ ለአንድ ዓመት ቢቀመጥ ጠቅላላው ወለድ 7,000 ብር ይሆናል። በ5 በመቶ ሲሰላ ግብሩ 350 ብር ሲሆን ለቆጣቢው 6,650 ብር ይደርሰዋል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው በተጣራው ወለድ ላይ 5 በመቶ መልሶ መደመር ነው። ይህን ያደረገ ሰው 6,982 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል፤ 17 ብር ከ50 ሳንቲም ይጎድለዋል። ምክንያቱም ግብሩ የተሰላው ከጠቅላላው ወለድ እንጂ ከተጣራው አይደለም። የተጣራው ወለድ የጠቅላላው 95 በመቶ በመሆኑ ትክክለኛው ስሌት 6,650ን ለ95 አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው፤ ውጤቱም 7,000 ብር ይመጣል።

ጉድለቱ የግብሩ መጣኔ ከፍ ባለ ቁጥር ይሰፋል። የብሪታንያ ባንኮች እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ከቁጠባ ወለድ ላይ 20 በመቶ ይቀንሱ ነበር። 800 ፓውንድ የደረሰው ቆጣቢ ጠቅላላ ወለዱ 1,000 ፓውንድ ሲሆን፣ 20 በመቶ የደመረበት ግን 960 ብቻ ያገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ባንኮች ወለዱን ግብር ሳይቀንሱ ስለሚከፍሉ በመግለጫቸው ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ጠቅላላው ነው። ይህን በ0.8 ማካፈል ያልተገኘ ገቢን ማሳወቅ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ባንክ የሂሳብ መግለጫ ወለዱንና ግብሩን በተለያየ መስመር ካሳየ ማካፈልም አያሻም፤ በዚያው መጠቀም ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ካላሳየ ግን ወለዱ በተከፈለበት ጊዜ ይሠራበት የነበረውን መጣኔ ባንኩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጊዜውም ጉዳይ መዘንጋት የለበትም። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲጠናቀቅ የብሪታንያ የግብር ዓመት ከመጋቢት 28 እስከ ተከታዩ ዓመት መጋቢት 27 ይዘልቃል። ስለዚህ የሰኔውን መግለጫ እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ በእነዚህ ቀናት መካከል የገባውን ወለድ ለይቶ መደመር ያስፈልጋል። ወደ ፓውንድ የሚመነዘረውም ጠቅላላው ወለድ በብር ከታወቀ በኋላ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ተከትሎ ተመኑ በእጅጉ በመለወጡ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የገባን ወለድ በአንድ ቀን ተመን መመንዘር ውጤቱን ያዛባል።

ኢትዮጵያና ብሪታንያ በ2011 እ.ኤ.አ. የተፈራረሙት ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት በኢትዮጵያ የተከፈለው ግብር በብሪታንያ ከሚፈለገው ላይ እንዲታሰብ ያስችላል። የተጣራውን ወለድ እንደ ጠቅላላ አስመዝግቦ የተቀነሰው ግብር እንዲታሰብለት የሚጠይቅ ሰው ግን ያንኑ ግብር ሁለት ጊዜ መቀነሱ ነው። በሌላ በኩል ወለዱ በብሪታንያ ከግብር ነጻ በሆነው የቁጠባ ገቢ መጠን ውስጥ ከዋለና የሚፈለግበት ግብር ከሌለ፣ በኢትዮጵያ የተከፈለውን የብሪታንያ ባለሥልጣን አይመልስም።