ቴርሞኤሌክትሪክ የውኃ ማቀዝቀዣ

ቴርሞኤሌክትሪክ የውኃ ማቀዝቀዣ በኤሌክትሪክ ኃይል ሙቀትን ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው በሚያሻግር ጠፍጣፋ ሞጁል አማካይነት በቱቦ የሚዘዋወርን ውኃ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ነው። የግራፊክስ ካርዳቸውን ሙቀት በእጅጉ ለማውረድ የሚፈልጉ ሰዎች በገዛ እጃቸው ይገጣጥሙታል። ተራ የውኃ ማቀዝቀዣ ሙቀቱን በራዲያተር አማካይነት ለክፍሉ አየር ስለሚያስረክብ ውኃውን ከአየሩ በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም፤ ይኸኛው ይችላል።

ታሪክ

ሁለት የተለያዩ ብረቶች በተጋጠሙበት ቦታ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መጋጠሚያው እንደ ፍሰቱ አቅጣጫ እንደሚሞቅ ወይም እንደሚቀዘቅዝ ያስተዋለው ቀድሞ ሰዓት ሠሪ የነበረው ፈረንሳዊ ዣን ሻርል ፔልቲዬ ነው፤ ዘመኑም 1834 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1838 ሃይንሪክ ሌንዝ በቢስመዝና በአንቲሞኒ መጋጠሚያ ላይ የውኃ ጠብታ አኑሮ ወደ በረዶ ለወጠ፤ የፍሰቱን አቅጣጫ ሲገለብጠው በረዶው ቀለጠ። የዛሬዎቹ ሞጁሎች ቢስመዝ ቴሉራይድ ከተባለ ከፊል አስተላላፊ ይሠራሉ።

አሠራርና ስሌት

ሞጁሉ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከቀዝቃዛው ገጽ አንሥቶ ወደ ሞቃቱ ያሻግራል፣ የበላውንም ኤሌክትሪክ ሙቀት አድርጎ ይጨምርበታል። የሸክላ እንስራ ውኃን ያለ ኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዘው በገላው የሚዘልቀው ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ ሞጁሉ ግን ያነሣውን ሁሉ እዚያው ጀርባው ላይ ያወርደዋል። ብዙ ገጣሚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በገበያ በብዛት የሚገኘው ቲኢሲ1-12706 የ4 ሴንቲ ሜትር ካሬ ሲሆን 127 ጥንዶች አሉት፣ እስከ 6 አምፔር ይወስዳል። በሁለቱ ገጾች መካከል የ30 ዲግሪ ልዩነት ይዞ በ12 ቮልት ሲሠራ 30 ዋት ገደማ ሙቀት ያነሣል፣ 60 ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። የካርዱ ሙቀት 200 ዋት ከሆነ 7 ሞጁሎች ያስፈልጋሉ። እነዚህ 420 ዋት ይበላሉ፤ በ12 ቮልት ይህ 35 አምፔር ስለሆነ ወፍራም ሽቦ ይጠይቃል። ራዲያተሩ እንግዲህ 200 ሳይሆን 620 ዋት ማውጣት አለበት።

በአንጻሩ 8 ሞጁሎች በ6 ቮልት ቢሠሩና የገጾቹ ልዩነት 10 ዲግሪ ብቻ ቢሆን ተመሳሳዩን 200 ዋት በ120 ዋት ገደማ ያነሡታል። ስለዚህ ሞጁሎችን አብዝቶ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ማሠራት ጥቂቱን ከማስጨነቅ ይሻላል።

የአየሩ ውፍረትም በስሌቱ ይገባል። በሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ የምትገኘው መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በአዲስ አበባ ልዩነቱ ወደ ሩብ ይደርሳል። ያው ማራገቢያ በሳሳ አየር የሚወስደው ሙቀት ያነሰ በመሆኑ ራዲያተሩን ተለቅ ማድረግ ይገባል።

አገጣጠም

ሁለት የውኃ ዑደቶች ይኖራሉ። ቀዝቃዛው ከካርዱ ብሎክ ወደ ሞጁሎቹ ቀዝቃዛ ገጽ፣ ሞቃቱ ከሞጁሎቹ ሌላ ገጽ ወደ ራዲያተሩ ይዘዋወራል፤ እያንዳንዱ የራሱ ፓምፕ አለው። በደቂቃ 1 ሊትር የሚፈስ ውኃ 200 ዋት ሲቀበል በ3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚሞቅ ኃይለኛ ፓምፕ መግዛት ብዙም አይጠቅምም። ሞጁሎቹ በሁለት የብረት ብሎኮች መካከል ቴርማል ፔስት ተቀብተው እኩል ይጠበቃሉ፤ አንዱ ብሎን ከሌላው ቢጠብቅ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውኃ ውስጥ ከዋሉ አሉሚኒየሙ ይበላል። ለመሙያ የቧንቧ ሳይሆን ዲስቲልድ ውኃ ይመረጣል።

አደጋዎች

ካርዱን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ሳይሆን ጤዛ ነው። አየሩ 25 ዲግሪና እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ ከ17 ዲግሪ ገደማ በታች የወረደ ገጽ ሁሉ ያልበዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ እርጥበቱ ሲጨምር ይህ ገደብ ከፍ ይላል። የጥር አየር ችግር ሳያሳይ ያለፈ ማሽን በክረምት ሊበላሽ የሚችለው ስለዚህ ነው። መፍትሔው የውኃውን ሙቀት ከጤዛው ነጥብ ሁለት ሦስት ዲግሪ በላይ የሚያቆይ መቆጣጠሪያና ቱቦዎቹን ውኃ በማይመጥ ፎም መሸፈን ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሌላም ነገር አለ። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ እየሠራ ሞጁሎቹ ቢጠፉ፣ የቆመ ሞጁል ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ በካርዱና በራዲያተሩ መካከል እንደ ግድግዳ ይሆናል። ሁለቱ አብረው እንዲጠፉ አድርጎ መዘርጋት ግድ ነው። ሽቦው ተገላብጦ ከተገናኘ ደግሞ ሞጁሉ ካርዱን ያሞቃል።

በኢንዱስትሪ

በ2020 ኢንቴል ከኩለር ማስተር ጋር በመሆን ለፕሮሰሰር የሚያገለግል፣ የጤዛን ነጥብ ራሱ እየተከታተለ ኃይሉን የሚቀንስ ቴርሞኤሌክትሪክ የውኃ ማቀዝቀዣ ለገበያ አቀረበ፤ በ2023 ግን ኢንቴል ቴክኖሎጂውን መደገፍ አቆመ። ሞጁሎቹ ዛሬ በብዛት የሚያገለግሉት ጥቂት ዋት ብቻ በሚነሣበት ቦታ፣ ማለትም በሌዘር መሣሪያዎች፣ በሥነ ፈለክ ካሜራዎችና በአነስተኛ ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ነው።