ሌባው ያልነካው ወረቀት

ፎረንሲክ አካውንቲንግ ሲባል ብዙ ሰው ጠበቅ ያለ ኦዲት ይመስለዋል። ሁለቱ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው። ኦዲተሩ ናሙና እየወሰደ የሂሳብ መግለጫው በጥቅሉ ትክክል መሆኑን ይመረምራል። የፎረንሲክ ባለሙያው ደግሞ አንድን ክፍያ ይዞ ገንዘቡ ከየት ተነሣ፣ ማን ፈረመበት፣ ማን ኪስ ገባ እያለ እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ ሪፖርቱም ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥያቄ መቋቋም አለበት። በእኔ እምነት የሙያው ጉልበት ያለው ተጠርጣሪው ያልነካውን ሰነድ ፈልጎ፣ እሱ ካዘጋጀው ጋር ጎን ለጎን በማስቀመጥ ላይ ነው።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ያኔ 16,000 ያህል ሕዝብ የነበራት የዲክሰን ከተማ ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሪታ ክሩንድዌል የከተማዋ የሂሳብ ኃላፊም ገንዘብ ያዥም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ በከተማዋ ስም አንድ ስውር የባንክ ሂሳብ ከፈተች። ከሌሎች ሂሳቦች ገንዘብ ወደ አንድ የካፒታል ሂሳብ ታዛውራለች፤ ከዚያ «ለገንዘብ ያዥ» የሚል ቼክ ጽፋ ስውሩ ሂሳብ ውስጥ ታስገባለች። ለኦዲተሮች የምታሳየው ከግዛቱ መንግሥት የመጣ የሚመስል የክፍያ መጠየቂያ ነበር፤ ሐሰተኛ ሆነው የተገኙት 179 ናቸው። በጀት ሲያጥር ግዛቱ ክፍያ አዘገየብን ትላለች። እንዲህ እያለች ከሃያ ዓመት በላይ 53.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰደች፤ አብዛኛውንም ለፈረስ እርባታና ለቅንጦት ኑሮ አዋለችው። ኦዲት ግን በየዓመቱ ይደረግ ነበር!

በ2011 ረዥም ፈቃድ ወጣች። ተክታት የምትሠራው ሠራተኛ የከተማዋን ሂሳቦች መግለጫ በሙሉ ከባንኩ ስትጠይቅ፣ አይታው የማታውቀው ሂሳብ አብሮ መጣ። በአንድ ወር ውስጥ በሦስት ጊዜ ገቢ 785,000 ዶላር ገብቶበታል፤ 84 ቼክም ተመንዝሮበታል። ከንቲባው ለኤፍቢአይ አመለከቱ፤ ክሩንድዌል በ2012 ተያዘች፣ በ2013 የ19 ዓመት ከ7 ወር እስራት ተፈረደባት። ሐሰተኛዎቹ መጠየቂያዎች ከመዝገቡ ጋር ይስማማሉ፤ ሁለቱም የአንድ እጅ ሥራ ናቸውና። የባንኩን መግለጫ ግን ያዘጋጀው ባንኩ ነው።

ሠራተኛን እንዲህ መከታተል መተማመንን ያጠፋል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ቁጥጥር በሌለበት ቤት ገንዘብ ሲጎድል ንጹሑም ሌባውም እኩል ይጠረጠራሉ፤ ንጹሑን ከሐሜት የሚያወጣው ሰነድ ብቻ ነው። ትንሽ ድርጅት ለዚህ ሁሉ አቅም የለውም የሚለውም ከፊል እውነት ነው፤ ባለሙያ መቅጠር ያስወጣል። ቼክ የሚጽፈውና የባንክ ሂሳብ የሚያስታርቀው ሰው እንዲለያይ ማድረግ፣ የባንኩን መግለጫ ባለቤቱ ራሱ መቀበል፣ ሂሳብ ሠራተኛውን በየዓመቱ ፈቃድ አስወጥቶ ሥራውን ለሌላ መስጠት ግን ከማንኛውም ባለሱቅ አቅም በላይ አይደለም።

ገንዘቡ ከተበላ በኋላ ምርመራው ምን ይፈይዳል ለሚልም መልሱ ዲክሰን ውስጥ አለ። የገንዘቡ መንገድ በሰነድ በመታወቁ ፈረሶቹና ንብረቶቿ በጨረታ ተሸጡ፤ ከተማዋ የከሰሰቻቸው ኦዲተሮችና ባንኩም በ2013 በስምምነት 40 ሚሊዮን ዶላር ከፈሏት።